ፊደል በችርቻሮ

699 ዶላር ማለት 208 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ገንዘብን በሰዓት መመንዘር የለመድኩት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ አንድ ወንበርና አንድ ማሞቂያ ብቻ በምትይዝ የመስታወት ክፍል ተቀምጬ ነው። በአሜሪካ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። ከ1981 መግቢያ እስከ 1990 ጸደይ ድረስ (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አንዲት ሳንቲም ሳትጨመርበት እንደተገተረ ቆይቷል። በሱዳን በኩል ዞረን እዚያ የደረስን ልጆች ገበያ ስንወጣ "ስንት ዶላር ነው?" ሳይሆን "ስንት ሰዓት ነው?" ነበር የምንባባለው። ጫማ የአንድ ቀን፣ ካፖርት የሦስት ቀን፣ የቤት ኪራይ... እሱ ይቅር።

699 ዶላሩ የምን ዋጋ መሰላችሁ? ሄይስ የተባለ ኩባንያ በ1982 ገበያ ላይ ያዋለው "ስማርትሞደም 1200" የሚባል፣ ከመካከለኛ መጽሐፍ የማይበልጥ ሣጥን ነው። ሥራው ኮምፒውተርን በስልክ ሽቦ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማነጋገር ነው። 208ቱ ሰዓት ደግሞ ግብር ሳይነሳ ነው፤ ግብር ሲነሳማ ክረምቱ ያልቃል።

"ስደተኛ ሞደም ምን ያደርግለታል?" ብላችሁ እንደሆነ፣ ይህን ጥያቄ ከእናንተ በፊት ደባሎቼ ሁሉ በየተራ ጠይቀውኛል። መልሴ አጭር ነበር፤ ኮምፒውተር አለኝ፣ ኮምፒውተሬ ግን ወዳጅ የለውም።

ኮምፒውተሩ እንዴት እጄ እንደገባ ልንገራችሁ። ኮሞዶር 64 በ1982 ሲወጣ ዋጋው 595 ዶላር ነበር። የኮሞዶር መሥራች ጃክ ትራሚየል ግን ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ጋር የዋጋ ጦርነት ውስጥ ነበሩና፣ እሳቸው ሲቀንሱ እነዚያም ሲቀንሱ ዋጋው ብዙ ሳይቆይ ወደ 200 ዶላር ወረደ። በ1983 መጨረሻ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የቤት ኮምፒውተር ገበያውን ጥሎ ወጣ፤ እኔ ገባሁ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ያን ጊዜ ግን ሣሩ ኮምፒውተር ገዛ።

ሞደሙን ያወረደው ጦርነት ግን አልነበረም። ኮምፒውተሩ 60 ሰዓት፣ ሞደሙ 208 ሰዓት! አንዱን ኮምፒውተር ከሌላው ጋር የሚያነጋግረው ዕቃ ከሦስት ኮምፒውተር በላይ ያወጣ ነበር። ፍጥነት ይቅርብኝ፣ ቀርፋፋው ይበቃኛል ላለም የዚያው ኩባንያ ባለ 300 ሞደም 300 ዶላር ገደማ ነበር፤ እሱም ከኮምፒውተሩ ይበልጣል።

ለምን እንዲህ ተወደደ? ስልክ የተሠራው ለሰው ልጅ ወሬ ነው። መስመሩ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ያሳልፋል፤ ከዚያ የቀጠነውንም የወፈረውንም አይፈልግም። ኮምፒውተር ደግሞ ከዜሮና ከአንድ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሞደሙ ያፏጫል። በ1962 ቤል 103 ተብሎ በወጣው ሥርዓት የደወለው ወገን ለዜሮ 1070፣ ለአንድ 1270 ኸርዝ ያፏጫል፤ የተደወለለት በ2025ና በ2225 ይመልስለታል። ሁለቱም እኩል እያወሩ አይደማመጡም ማለት አይቻልም፤ ከአንዳንድ የማውቃቸው ስብሰባዎች የተሻለ ሥርዓት ነው። በሰከንድ 300 ጊዜ ያፏጫሉ። አንዲት ፊደል ከነመክፈቻዋና ከነመዝጊያዋ አሥር ፉጨት ትፈጃለች፣ ስለዚህ በሰከንድ 30 ፊደል። 1200 ለመድረስ ግን ቶሎ ቶሎ በማፏጨት ብቻ አይሆንም፤ ሞገዱን በሰከንድ 600 ጊዜ እየጠመዘዙ በአንድ ጥምዘዛ ሁለት ሁለት ማሸከም ያስፈልጋል። ያንን ጠምዝዞ መልሶ የሚፈታው ክፍል ነው ገንዘቡን የሚበላው።

በዚያ ላይ የስልኩ ጌታ ቀናተኛ ነበር። የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የራሱ ያልሆነ ዕቃ መስመሩን እንዳይነካ ለዘመናት ከልክሎ ኖሯል። ቶማስ ካርተር የሚባሉ የቴክሳስ ሰው የራዲዮ መገናኛን ከስልክ የሚያገናኝ ካርተርፎን የሚሉት ዕቃ ሠርተው፣ ተከራክረው፣ በ1968 አሸነፉ። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት የሌላ ኩባንያ ሞደም ሽቦውን ሳይነካ በአየር ነበር የሚያፏጨው፤ የስልኩ እጀታ ሁለት የጎማ ኩባያ ላይ ተደፍቶ። በ1983 የወጣውን ዎርጌምስ የሚባለውን ፊልም ያየ ያስታውሳል። ልጁ እጀታውን ጎማው ላይ ደፍቶ ዓለምን ሊያጠፋ ምንም አልቀረው። ደባሎቼ ፊልሙን ያዩት እኔ ሞደም ልገዛ መሆኑን ከመናገሬ በፊት ነው፣ ይህም ነገሬን አላቀለለልኝም።

ዴኒስ ሄይስና ዴል ሄዘሪንግተን በ1977 አትላንታ ውስጥ በሄይስ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሞደም መገጣጠም ጀመሩ። በ1981 ያወጡት ስማርትሞደም ራሱ ቁጥር ይደውላል፣ ራሱ ስልክ ያነሳል፣ ራሱ ይዘጋል። "ኤቲዲቲ" ብለህ ቁጥሩን መጻፍ ብቻ ነው። ኤቲ ብሎ ማዘዝ ዛሬም ድረስ በየሞባይሉ ሆድ ውስጥ ያለው ሞደም የሚሰማው ቋንቋ ነው፤ ኩባንያው ራሱ ግን ከስሮ ከስሮ 1990ዎቹን አልተሻገረም።

እኔ የገዛሁት ይህን ሁሉ የማይችለውን ነው።

ስሙ ቪክሞደም ይባላል። ወደ 110 ዶላር፤ 33 ሰዓት። የኮሞዶር የራሱ ዕቃ ነው፤ ከሚሊዮን በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው ሞደም እሱ ነው ይባልለታል። ካርቶኑ ውስጥ ኮምፑሰርቭን በመሰሉ የመረጃ አገልግሎቶች ላይ የሚሠራ የነጻ ሰዓት ነበረበት፤ የነጻው ሰዓት ዋጋ ተደምሮ ሲታይ ከሞደሙ ይበልጣል። ይህን ለሻምበሉ ሳነብላቸው ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። ሻምበሉ የቤታችን ታላቅ ናቸው፤ አገር ቤት ስንቅና ትጥቅ ክፍል ነበሩ፣ እዚያ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ባለው የማቆሚያ ወለል ገንዘብ ተቀባይ ናቸው።

"ዕቃውን በነጻ ሰጥቶ ሰዓቱን የሚሸጥ ነጋዴ፣" አሉ፣ "ዕቃው ሰዓቱ ነው። ያኛው ማጥመጃ ነው።"

ቪክሞደም የረከሰው ግማሹን ሥራ ለገዢው ስለተወለት ነው። አይደውልም። ስልክ አያነሳም። ከግድግዳው ሽቦ ጋር እንኳ አይገናኝም፤ የሚገናኘው ከስልኩ ወደ እጀታው በሚሄደው ጥምዝምዝ ገመድ ነው። ቁጥሩን በጣትህ ትደውላለህ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ ትጠብቃለህ፣ ከወዲያ በኩል ፉጨቱ ሲመጣ ገመዱን ከእጀታው ነቅለህ ሞደሙ ላይ ትሰካለህ። ወዲያኛው ማሽን የሚጠብቅህ ጥቂት ሰከንድ ነው። ዝም ካልከው ይዘጋዋል።

የእኛ ስልክ ያለው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ምድጃው አጠገብ ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ኮሞዶር የሚታየው በቴሌቪዥን ስለሆነ ቴሌቪዥኑም ተከተለው፤ ቴሌቪዥኑን ተከትለው ደባሎቼ ገቡ። አንዱ ቁሌት ያቁላላል፣ አንዷ ትምህርቷን ታጠናለች፣ እኔ በቀኝ እጄ ገመዱን፣ በግራ እጄ ሞደሙን ይዤ እንደ ኦፕራሲዮን ሐኪም ቆሜያለሁ። ሁለት እጅ አልበቃኝ ሲል ሻምበሉን ተጣራሁ።

"ሻምበል፣ ይቺን እጀታ ጆሮዎ ላይ ያዙልኝ። ሲያፏጭ ይንገሩኝ።"

"ማነው የሚያፏጨው?"

"ኮምፒውተር ነው። ሜሪላንድ ያለ የአንድ ልጅ ኮምፒውተር።"

"ልጁ ያውቅሃል?"

"አያውቀኝም።"

"አንተስ?"

"አላውቀውም።"

"ታዲያ በዚህ ሌሊት ሰው ቤት የምትደውለው ምን ብለህ ነው?" እያሉ ሳለ ፊታቸው ተለወጠ። እጀታውን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው አዩት፣ መልሰው አስጠጉት፣ ከዚያ ቆፍጠን ባለ ድምፅ "ሃሎ፣ እንደምን አመሹ" አሉት።

"ሻምበል፣ ይንቀሉት! ይንቀሉት!"

"እየተናገረ እኮ ነው፣ እንዴት ይነቀላል?"

ሰው እያናገራቸው ስልክ መዝጋት ነውር ነው፤ ይህን ማንም አያስለቅቃቸውም። በኋላ ላይ እንኳ ሥራው ሲገባቸው "እሺ፣ ደህና ይደሩ፣ ልጁ ይቀጥላል" ሳይሉ ገመዱን ነቅለው አያውቁም። የሜሪላንዱ ኮምፒውተር ትዕግሥት ካለው ይጠብቃል፤ ከሌለው እንደገና መደወል ነው። እንደገና ሲደወል ደግሞ መስመሩ ተይዟል። ቡሌቲን ቦርድ የሚሉት እንዲህ ያለው የሰው ቤት ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ የስልክ መስመር ነው፤ አንድ እንግዳ ከገባ ሌላው ደጅ ይጠናል። የመጀመሪያውን ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ ቺካጎ ውስጥ በ1978 ያቆሙት፣ በረዶ ከቤት አላስወጣ ብሎ ሲያስቀምጣቸው ያሰቡትን ነው። ለመልካም ሐሳብ በረዶ ጥሩ ነው። ዲሲም በረዶ ነበረን፤ እኛ ግን ያሰብነው አካፋ ነው።

የተሳካ ዕለት ግን! ፊደሎቹ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ እየተከተሉ ብቅ ይላሉ። የኮሞዶር መስኮት 40 ፊደል በ25 መስመር ስለሆነ፣ እሱን ለመሙላት በ300 ሞደም 33 ሰከንድ ይፈጃል። ፈረንጆቹ ቀርፋፋ ነው እያሉ ያማርሩ ነበር። በሰከንድ 30 ፊደል አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው የሚያነብበት ፍጥነት ነው። ለእኛ ግን ፈጠን ይልብን ነበር! ሻምበሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡና መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲቀድማቸው "ቀስ በል እንጂ" ይሉታል። ሜሪላንድ ያለ ልጅ ስለ አሳ ማጥመጃው የጻፈውን ማስታወቂያ ስድስት ሐበሾች ቁሌት ሽታ ውስጥ ቆመን አንብበን ጨርሰን፣ አሳው ተገኘ አልተገኘ ተከራክረናል።

ችግሩ ፕሮግራም ወይም ጨዋታ ለማውረድ ሲፈለግ ነው። አንድ የኮሞዶር ዲስክ 170 ሺህ ያህል ፊደል ይይዛል፤ በ300 ሞደም አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው፣ ምንም ካልተበላሸ። ክሪስተንሰን የፈለሰፈው ኤክስሞደም የሚባል ዘዴ ዕቃውን 128፣ 128 አድርጎ እየቆረሰ ይልክና እያንዳንዱን ቁራሽ "ደረሰህ? ተስተካከለ?" እያለ ይጠይቃል። ቁራሹ ከተበላሸ እንደገና ይልካል። ደጋግሞ ከተበላሸ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ይተወዋል። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሄዶ፣ ወደ መጨረሻው ደርሶ፣ ፎቅ ላይ በዚያው መስመር ያለው ሁለተኛ ስልክ ብድግ ይላል። "ሃሎ? ሃሎ? ማነው የሚያፏጨው?" የእህታችን ድምፅ እኔ መስኮት ላይ የሚመጣው የጥያቄ ምልክት፣ የተሰበረ ቅንፍና ጥቂት ኮከብ ሆኖ ነው።

"ምን አለች?" ይላሉ ሻምበሉ፣ መስኮቱን እያዩ።

እህታችን የነርስ ረዳት ናት። እጮኛዋ ሎስ አንጀለስ ነው። የረጅም ርቀት ጥሪ በፈረንጅ ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ በጣም ይረክስ ስለነበር ፍቅራቸው የሚጀምረው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሞደሜም የሚያምረው በዚያ ሰዓት ነው። ሻምበሉ ደግሞ ባለቤታቸው አዲስ አበባ ቴሌ ሄደው፣ ወረፋ ይዘው፣ በኦፕሬተር በኩል በተቀባዩ ሂሳብ የሚደውሉላቸውን ስልክ ይጠብቃሉ። ይህ ቀልድ አይደለም። ሰው ግማሽ ቀን ተሰልፎ ደውሎ መስመሩ ተይዟል ሲባል፣ ምክንያቱ አንድ ልጅ ከማያውቀው ኮምፒውተር ጋር ሲፏጭ መሆኑን ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል?

ስለዚህ ሻምበሉ ትእዛዝ ጽፈው ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉ። "ሞደም፦ ከ6 እስከ 12።" "ሎስ አንጀለስ፦ ከ5 እስከ 6።" ሌላው ሰዓት ለአዲስ አበባ ክፍት ይሆናል። ፊርማ፣ ቀን፣ ማዕረግ። ያልተጻፈው በማን ሰዓት እንደሆነ ነው። በሐበሻ ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ማለት በፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 6 ነው። በፈረንጅ ከተነበበ ደግሞ ከምሽቱ 6 እስከ እኩለ ሌሊት ይሆናል። አንዱ ካበቃበት ሌላው ይቀጥላል፤ ሁለቱንም ካከበርክ ከምሽት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ሞላህ። እኔ ትእዛዝ አክባሪ ነኝ፤ ሁለቱንም አከበርኩ። ሻምበሉ ትእዛዛቸውን ደግመው አነበቡና "ሕግ አርቃቂ ክፍል አልነበርኩም" ብለው ሄዱ፤ በማግስቱ የጥሪ ማሳወቂያ አገልግሎት አስገቡ። ስትነጋገር ሌላ ሰው ከደወለ ጆሮህ ላይ ጢጥ የሚል ነገር ነው። ለሰው ጢጥ ናት፤ ለሞደም ሞት ናት። ፉጨቱ ሲቋረጥበት ወዲያው ይዘጋል። ዲስኩ ከግማሽ በላይ ወርዶ ጢጥ፤ እጀታውን መልሼ ሳነሳ ወዲያ ያለው ሰው ፒሳ ማዘዝ ፈልጎ ቁጥር የተሳሳተ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ሽያጭ ልመለስ፤ ሻምበሉ ማጥመጃ ያሉት ነገር እዚህ ጋ ነው።

የነጻው ሰዓት ሲያልቅ የሚከፈልበት መጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኮምፑሰርቭ በማታው ተመን፣ በ300 ለሚገባ በሰዓት 6 ዶላር፣ በ1200 ለሚገባ 12 ዶላር ከ50 ያስከፍል ነበር። ሳየው ደስ አለኝ። ፈጣኖቹ እጥፍ ይክፈሉ፤ እኛ ቀርፋፎቹ በግማሽ ዋጋ እንኖራለን አልኩ። ሻምበሉ ወረቀት አስመጡ። ስንቅና ትጥቅ ክፍል የኖረ ሰው ዋጋ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው "በስንት ኪሎ?" ነው።

"በሰከንድ 30 ፊደል፣ በሰዓት 108 ሺህ፣" አሉ እየጻፉ። "ለ6 ሲካፈል በአንድ ዶላር 18 ሺህ ፊደል። ያ ባለ 1200ው በሰዓት 432 ሺህ ያገኛል። ለ12 ተኩል ሲካፈል በአንድ ዶላር ከ34 ሺህ በላይ።" እርሳሱን አስቀመጡ። "አንተ ፊደል በችርቻሮ ነው የምትገዛው። እሱ በጅምላ። የእሱን እጥፍ እየከፈልክ ረከሰልኝ ትላለህ።"

ይኸው ነው ነገሩ። በዚያ ዘመን ስለ ሞደም የተጻፈውን ብታነቡ ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነት ነው፤ እኔ ግን ሞደም ሲባል የሚታየኝ ያ ወረቀት ነው። ፈጣኑን ዕቃ የሚገዛው ገንዘብ ያለው ነው፣ ገንዘብ ስላለውም ፊደሉን በግማሽ ዋጋ ያገኛል። 33 ሰዓት ሠርቶ ሞደም የገዛው ደግሞ ቀሪውን ዘመኑን ለእያንዳንዷ ፊደል እጥፍ ይከፍላል። በዚህ ላይ ውርደቱ አለ፤ አንዳንድ ቡሌቲን ቦርዶች ጥቂት ዓመት ቆይተው በ300 ለሚመጣ በራቸውን ዘጉ። መስመር ይዞ ያስቆመናል ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ ግን ዘበኛ እንኳ ሰውን በሩጫው ፍጥነት አይመልስም።

መፍትሔውም የመጣው ከሻምበሉ ነው። እቁብ! አሥር ሆንን፣ ደባሎቼና የማቆሚያው ልጆች፤ በወር 30 ዶላር፣ ማለትም ዘጠኝ ሰዓት። የሚወጣው 300 ዶላር ነው። ስሙ ያልገነነ ባለ 1200 ሞደም ያን ጊዜ ወደዚያው ወርዶ ነበር። ዳኛው ሻምበሉ ናቸው። ዕጣው በቡና ሲኒ ውስጥ ተንከባለለ። መጀመሪያ ለእህታችን ወጣላት፤ የሎስ አንጀለስ ትኬት ገዝታ ሄደች፣ ተጋባች፣ እቁቧን ከዚያ በፖስታ ትልክ ነበር (የስልክ መስመሩ ግማሽ በዚሁ ነጻ ወጣ፤ ጸሎቴ ነበር)። ታክሲ ለሚነዳው ደባላችን ወጣለት፣ ጎማ ገዛ። ለሻምበሉ ወጣላቸው፣ ወደ አገር ቤት ላኩት። ዕጣ በወጣ ቁጥር የእኔ ስም ሲኒው ሥር ተጣብቆ ይቀራል። እያዘንኩ ነበር፤ በየወሩ የሞደም ማስታወቂያ ከጋዜጣ እየቀደድኩ ማዘኔን አድስ ነበር። ዋጋው በየወሩ እየወረደ መሆኑን ያየሁት ከቀደድኳቸው ወረቀቶች ነው። የመጨረሻው ዕጣ የእኔ ሆነ። 300 ዶላሩን ይዤ ሱቅ ስገባ፣ 1200 ልገዛበት ያሰብኩት ገንዘብ ባለ 2400ውን ገዛልኝ!

ሻምበሉ ከዚያ ወዲህ በእቁብ ላይ ያላቸው አስተሳሰብ ተለውጧል። ለስጋ መጀመሪያ፣ ለሞደም መጨረሻ ይላሉ።

አዲሱ ሞደም ራሱ ይደውላል፣ ግድግዳው ላይ ይሰካል። ሻምበሉ ከሥራ ውጭ ሆኑ። ኮምፒውተሩም ከወጥ ቤት ወጥቶ መኝታ ክፍል ገባ። በሰከንድ 240 ፊደል! መስኮቱ በአራት ሰከንድ ጢም ይላል፤ ከላይ ያለውን ሳናነብ ወደ ላይ ይሸሻል። ሻምበሉ ከኋላዬ ቆመው ለማንበብ ሞክረው ተቀየሙ። "ምን አስቸኮለው?" አሉ፣ ሰው እንደናቃቸው ሁሉ። ከዚያ አንድ ነገር ተማርን፤ ኮንትሮል ኤስ ሲጫን ይቆማል፣ ኮንትሮል ኪው ሲጫን ይቀጥላል። 300 ዶላር ከፍለን አፈጠንነው፣ ከዚያ ቁጭ ብለን ቁም እያልነው እናነባለን።

በ1987 የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በመረጃ አገልግሎቶች ላይ የመስመር ክፍያ ልጨምር ሲል፣ በተጠቃሚው ላይ በሰዓት እስከ 5 ዶላር ይጨምራል ተብሎ ተፈራ። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ጻፈ፤ በዓመቱ ሐሳቡ ቀረ። ወሬው ግን አልቀረም። "የሞደም ግብር ሊጣል ነው፣ ለእንደራሴህ ጻፍ" የሚለው መልእክት ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየቦታው ሲዞር አጋጥሞኛል። ከሞደም የፈጠነ ነገር ቢኖር ስለ ሞደም የሚወራው ወሬ ነው።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ በ1991 14 ሺህ 400፣ በ1994 28 ሺህ 800። ወንዙን ተሻግሮ ቪየና ቨርጂኒያ ላይ ለኮሞዶር ባለቤቶች ኪው-ሊንክ የሚል አገልግሎት ይሸጥ የነበረው ትንሽ ኩባንያ ስሙን አሜሪካ ኦንላይን ብሎ አደገና በ1996 መጨረሻ በወር በ19 ዶላር ከ95 እንደልባችሁ አለ። ሕዝቡ እንደልቡ ሆነ፤ ገብቶ አልወጣም፣ መስመሩ ሁሉ ተያዘ። ከሜሪላንዱ ልጅ በኋላ ያልሰማሁትን የተያዘ መስመር ድምፅ እንደገና ሰማሁ። በ1997 አዲስ አበባም ኢንተርኔት ገባ። የወንድሜ ልጅ የላከው የመጀመሪያ ደብዳቤ ሰላምታ እንኳ አልነበረበትም፤ "ጋሼ፣ ፎቶ አትላክ፣ የሚቆጥሩብኝ በደቂቃ ነው" ይላል። ችርቻሮው ወደዚያ ተሻግሮ ነበር።

ሻምበሉ ጡረታ ወጥተው፣ ባለቤታቸውም መጥተው፣ ከከተማ ወጣ ብለው መኖር ከጀመሩ በኋላ በ1998 ባለ 56 ሺህ ሞደም ያለው ኮምፒውተር ገዙ። በገዙ በሳምንቱ ደወሉልኝ።

"ካርቶኑ 56 ይላል። መስኮቱ ላይ ስገባ 44 ነው የሚለኝ። 12ቱ የት ሄደ?"

"ሻምበል፣ 56 ሙሉውን አይደርስም። በአሜሪካ ሕግ መስመሩ ላይ የሚላከው ኃይል የተወሰነ ስለሆነ ከ53 ብዙ አያልፍም።"

"ይህን መንግሥት ወሰደው። የቀረውን 9?"

"እሱን የሰፈርዎ ሽቦ ነው የበላው። ርቀት አለው፣ እርጅና አለው።"

ዝም አሉ። ከዚያ፣ "56 ኩንታል ፈርሜ 44 ኩንታል ተረክቤ፣ መንገድ በላው ብል ኖሮ እኔን ራሴን መንገድ ይበላኝ ነበር፤" አሉና ዘጉት። "ደህና ዋል" ሳይሉ ስልክ ሲዘጉ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

ካርቶኑንና ደረሰኙን ይዘው ሱቁ ሄዱ። የሱቁ ልጅ ስለ ሽቦው፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ሕጉ አስረዳቸው። ሰምተው ጨረሱና 12 የሚለውን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ጽፈው አዞሩለት። ልጁ አለቃውን ጠራ። አለቃው ከኋላ የተሰለፈውን ሰው አየ፣ ሻምበሉን አየ፣ ቆጥሮ 12 ዶላር ሰጣቸው።